አንድ ዙር የሚበቃው ሰው ማራቶን ሲያይ

በዚህ አገር «እሮጣለሁ» ብሎ መናገር ጣጣ አለው። አድማጭህ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትህን ያያል፤ ቀጥሎ «ማራቶን ነህ?» ይልሃል። «አይ፣ 400 ሜትር» ስትለው ትንሽ ይጠብቅሃል፤ ንግግርህን ያልጨረስክ መስሎት ነው። መጨረስህን ሲያውቅ «እሺ፣ ከዚያስ በኋላ?» ይልሃል። ከዚያ በኋላማ ምን አለ? ጉልበት ላይ ተደግፎ አየር መሳብ ነው።

ተረትና ምሳሌዎቻችን ራሳቸው የማራቶን ሯጮች ተሰብስበው ያጸደቋቸው ይመስለኛል። አንዱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ ሌላው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል፤ ሦስተኛው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ጭራሽ በስማችን ይመጣብናል። ከተኩስ እስከ መጨረሻው መስመር አንድ ደቂቃ የማይፈጅበትን ሰው የሚያበረታታ፣ «ቶሎ ሮጦ ቶሎ የገባ ይባረክ» የሚል አንድ እንኳ ምሳሌ ፈልጌ አላገኘሁም። «ፈጣን ልጅ ነው» የምትል ምስጋና አለችን፤ እሷም ብዙ ጊዜ የምትነገረው ሻይ ለሚያመላልስ አስተናጋጅ ነው።

የምኖርባት እነዋሪ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የምትመች ከተማ አይደለችም። የሞረትና ጅሩ ሜዳ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ነው። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ነጠላው ይታያል፣ ቆይቶ ዱላው፣ ቆይቶ ፊቱ። ነጠላው ሲታይ የተጣደ ጀበና እሱ ደጅ ሲደርስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ሜዳው የሚያልቀውም የጀማ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቆሞ «እኔ ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ ነኝ» ማለት ለመሬቱም ንቀት ይመስላል።

ሰዉም እንደ መሬቱ ታጋሽ ነው። የጅሩ ገበሬ መረሬውን አጠንፍፎ ስንዴውን ይዘራል፤ ወራት ጠብቆ ያጭዳል፤ ክምሩን ሲከምር ጎኑ እስኪስተካከል ዞሮ ዞሮ ያየዋል፤ የደረበውን ነዶ ካልወደደው አንሥቶ እንደገና ያስቀምጠዋል። ስሙ እስከ አዲስ አበባ የተሰማውን የጅሩን ሰንጋ ለማድለብም ወራት ይቀመጣል። በሬ በ50 ሴኮንድ አይደልብም። ወር ቆጥሮ በሚሠራ ሰው መካከል አንድ ዙር ሮጦ ላብ መጥረግ ትንሽ ያሳፍራል።

የሆነ ሆኖ ፈረደብኝና አጭር ርቀት ወደድኩ። ተማሪ ሳለን የትምህርት ቤታችን መም የሚሠመረው በአመድ ነበር። የስፖርት ቀን ሲደርስ እያንዳንዳችን ከየቤታችን ምድጃ አመድ በፌስታል እናመጣለን፤ መምህሩ ገመድ ይወጥሩና ልጆች በገመዱ ጎን አመዱን እየነሰነሱ ይሄዳሉ። ውድድሩ እስኪጀመር ነፋሱ የውጪዎቹን መስመሮች ይጠርጋቸዋል። በውስጠኛው መም የሚሮጥ ልጅ መስመር እያየ ይሮጣል፤ በውጪው መም የሚሮጠው በእምነት ነው የሚሮጠው። በጋ ላይ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል። ስለዚህ የአጭር ርቀት ሯጭ እነዋሪ ላይ የሚሮጥበት ወቅት ራሱ አጭር ነው።

ተመልካችም አናገኝም። 5,000 ሜትር ሲሮጥ ሰው ሁሉ ዳር ይዞ «አይዞህ! አይዞሽ!» እያለ በየዙሩ ስም ይጠራል። እኛ ስንሰለፍ ቆሎ ሊገዛ ዞር ያለ ሰው ቆሎውን ይዞ ሲመለስ «ጀመሩ?» ብሎ ይጠይቃል። እናቴ አንድ ጊዜ እኔን ልታይ ብላ መጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ስትል አልቆ ነበር። «ልጄ፣ ደግማችሁ አትሮጡም?» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ማራቶን ሲያይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ፍልሰታ ገብቷል፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ። አስቀድሶ የወጣው ሰው ከነነጠላው፣ ቦቲ ጫማው ጭቃ እንደያዘ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ገብቶ ተደርድሯል። ጾም ስለሆነ ማኪያቶ የሚያዝ የለም፤ ሻይና ቡና ብቻ ይዞራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ተጀመረ።

እኔ የመነሻ ተኩስ ስሰማ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። ትከሻዬ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ተረከዜ ከወለሉ ይነሣል፣ የብርጭቆዬ ሻይ ጎረቤቴ ላይ ይፈሳል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በልቤ ጨርሼ ገብቼ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ለቃለ ምልልስ ተዘጋጅቻለሁ። ቀና ስል ሰዎቹ ገና ሰዓታቸውን ነካ ነካ እያደረጉ፣ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ለዘመድ ጥየቃ የወጡ መስለው ይሄዳሉ። ቀሪውን ሁለት ሰዓት ምን ልሥራበት?

ማራቶን ማየት የራሱ ሥርዓት እንዳለው ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበር የእሳቸው መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። እሳቸው እንደሚሉት እስከ 10ኛው ኪሎ ሜትር ስለ ሩጫው ማውራት ነውር ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ልጆች የፈተና ውጤት፣ ደብረ ብርሃን ስለሄደና ስላልተመለሰ ሰው ይወራል። ከ10 እስከ 20 ከፊት ካለው መንጋ ውስጥ የእኛ ልጆች ይቆጠራሉ፤ ቆጠራው በየጠረጴዛው ይለያያልና ክርክሩ ራሱ ጊዜ ይገፋል። ከ20 እስከ 30 ዝም ይባላል። ከ30 በኋላ ወንበር ወደ ፊት ይሳባል። ያን ጊዜ ወሬ ያነሣ ሰው በዓይን ይገረፋል።

ቆጠራው ላይ ሳለን ሯጮቹ ከጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ እያነሡ መጠጣት ጀመሩ። እኔ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ 400 ሜትር ላይ ውሃ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ከኋላችን የተቀመጡት እማማ ግን የጨነቃቸው ሌላ ነበር።

«እንዲያው ልጆቼ፣ ይሄ የሚጠጡት የጾም ነው?»

ጋሼ ዞረው በአክብሮት መለሱላቸው፦ «ስኳርና ጨው በውሃ ነው እማማ፤ የጾም ነው።»

«ተመስገን» አሉ እማማ፤ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ በሙሉ ልባቸው ጸለዩላቸው።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። የሻይ ቤቱ ሰው «ኤጭ!» ብሎ ወደ በሩ ወጣ፣ ዝናቡን አየ፣ ሁለተኛ ሻይ አዘዘ፣ ስለ ምስር ዋጋ ተነጋገረ። መብራቱ ሲመለስ አሁንም እየሮጡ ነበር። ጋሼ «አየህ፣ ማራቶን ሰውን አይቀየምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያ መብራት በ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቢሄድ ኖሮ ሲመለስ የምናገኘው ማስታወቂያ ነበር።

ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ነገሩ ወደ እኔ ሰፈር መጣ። የፓሪሱ ጎዳና ወደ ቬርሳይ ሄዶ የሚመለስ፣ ዳገት የበዛበት ነው፤ ከሁሉ የከፋው አቀበት እዚያ ላይ ነበር። ታምራት ቶላ አቀበቱን ከማንም ቀድሞ ወጣውና ነጠለ። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው የገባው። ሌሎቹ ትንፋሻቸውን በሚቆጥቡበት ዳገት ላይ እሱ አውጥቶ በተነው። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ «ይሄ የኛ ሥራ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዉ የሸዋ ልጅ ነው ያልኩ መስሎት ሊያርመኝ ሞከረ፤ እኔ ያልኩት ግን «የአጭር ርቀት ሥራ ነው» ነበር። ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ፤ ከ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ጀምሮ በኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ተይዞ የነበረውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሴኮንድ አሻሻለው።

ደስታው ሲበርድ ጋሼ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ሁለት ሰዓቱን ወደ ሴኮንድ ለወጡት፤ 7,586 ሆነ። ለ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር አካፈሉት። «እያንዳንዱን 100 ሜትር በ18 ሴኮንድ ነው የሮጠው፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም ተደምሮ» አሉ። 400 ሜትሩ 72 ሴኮንድ አይሞላም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ 105 ጊዜ ተኩል።

«18 ሴኮንድማ ቀላል ነው!» አለ በሩ ላይ የቆመ የሊስትሮ ልጅ።

ጋሼ እንዲህ ያለ ዕድል አያልፋቸውም። ዝናቡ ጋብ ሲል ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጠጠር የፈሰሰበትን መንገድ በእርምጃ ለኩት። እርምጃቸው አንድ ሜትር እንደሆነ በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። መነሻው ላይ ድንጋይ፣ መድረሻው ላይ እኔ ቆምን። ልጁ ሣጥኑን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ተነሣ። ጭቃው ከኋላው እየተወረወረ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ ጥርሱን ነክሶ መጣ። ሰዓት የያዝኩበት ስልኬ 18 አለ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ያስቀዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል፣ ሁሉንም በአንድ ላይ።

ጋሼ ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ጎበዝ! አሁን ሳታርፍ ይችኑ 421 ጊዜ ድገማት።»

«ይቅርብኝ ጋሼ፤ ጫማዎን ልጥረግልዎት።»

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነተኛ ትምህርት አለው። 100 ሜትር የሚሮጥ ሰው ጡንቻው ውስጥ በተቀመጠች፣ ለ10 ሴኮንድ ያህል በምትበቃ ጉልበት ነው የሚሮጠው። 400 ሜትር ላይ ያቺ ታልቃለች፤ ሰውነት ኦክስጅን ሳይጠብቅ ስኳር እያቃጠለ ይቀጥላል፤ ከ300 ሜትር በኋላ ጭኑ ይታሰራል፣ ክንዱ አልታዘዝም ይላል፣ መስመሩ የሚሸሽ ይመስላል። ማራቶን ሯጭ ደግሞ በጡንቻውና በጉበቱ ያከማቸውን ስኳር ቆጥቦ ቆጥቦ ይጠቀማል፤ ያልቆጠበ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ባዶውን ይቀራል። ጠርሙሷ የምትመጣው ለዚህ ነው። እሱ ሰንቆ የሚሄድ መንገደኛ ነው፤ እኛ ያለንን በአንድ ምሳ የምንጨርስ ሰዎች ነን። ልዩነታችን ይሄ ነው እንጂ ስቃዩ ሁለታችንም ጋ አለ።

በማግስቱ እሑድ የሴቶቹ ማራቶን ነበር፤ እኔ በጠዋት ሄጄ ከጋሼ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ያዝኩ። ምክንያት ነበረኝ። ትዕግሥት አሰፋ ትሮጣለች። ትዕግሥት የእኛ የአጭር ርቀት ሰፈር ልጅ ናት፤ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጣለች፤ በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሊምፒክ ላይም ኢትዮጵያን የወከለችው በ800 ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ጎዳና ሩጫ ወጣችና መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። ይህን ዜና የሰማሁ ዕለት እነዋሪ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። «አጭር ርቀት የትም አያደርስም» ሲሉኝ ለኖሩት ሁሉ መልሱን በርሊን ላይ ሰጠችልኝ።

የፓሪሱ እሑድ ከ41 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ሁለት ሴቶች ወረደ፤ ትዕግሥትና ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው የአዳማ ተወላጅ ሲፋን ሐሰን። ሲፋን በዚያው ሳምንት 5,000 እና 10,000 ሜትር ሮጣ ሁለት ነሐስ ይዛለች። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ፤ ሻይ ቤቱም አብሮ ተጋፋ። ሲፋን በ2:22:55፣ ትዕግሥት በ2:22:58 ገቡ። ከኢትዮጵያ በኩል አቤቱታ ቀረበ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ሁለት ሰዓት ተሮጦ ልዩነቱ ሦስት ሴኮንድ።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «አጭር ርቀት ባዩ! ይቺ የ800 ሜትር ልጅ አይደለችም እንዴ? መጨረሻ ላይ እንዴት ተቀደመች?»

እኔም መልስ አላጣሁም። ሲፋንም የእኛው ናት አልኳቸው፤ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ዶሃ ላይ በ1,500 እና በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት ናት። እዚያ አስፋልት ላይ የተጋፉት የ800 እና የ1,500 ሜትር ሯጮች ናቸው፤ 42 ኪሎ ሜትሩ ለእነሱ ማሟሟቂያ ነበር። ጋሼ ሳቁ፤ እማማ ግን «ማንም ይግባ፣ ልጅቱ እንዳትወድቅ ነው እኔ የፈራሁት» አሉ። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና ትዕግሥት በኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በሁለት ሴኮንድ ተቀደመች፤ አሁንም በመጨረሻው መቶ ሜትር። ያን ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም አዝኖ ሻዩን ጠጣ።

ሻይ ቤት ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ረጅም ርቀት ሯጮች ነን፤ ተመልካችነታችን ግን የአጭር ርቀት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ማዳበሪያ ያወራ ሰው የሚነሣውና የሚጮኸው ለመጨረሻዋ ዙር ነው። ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ብለን የሰየምነው የ10,000 ሜትሩን 24 ዙር ስለሮጠ አይደለም፤ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 300 ሜትር ሲቀር እንዳደረገው ማርሹን ይቀይር ስለነበረ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት በ0.12 ሴኮንድ ነበር። ከ100 ሜትሩ ይልቅ 10,000 ሜትሩ የጠበበ ነበር እንግዲህ! ያን ቀን የጮኸ ሁሉ ለሩጫው የመጨረሻ ሜትር ነው የጮኸው።

አበበ ቢቂላስ? ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው የአገራችን ልጅ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሞሮኮአዊው ራዲ እስከ መጨረሻዋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ከጎኑ አልተለየም። የተለየው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን ግማሽ ኪሎ ሜትር እኔ በደንብ አውቃታለሁ፤ 400 ሜትር ከመቶ ናት።

የማራቶን ርቀት ራሱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነው በፈረንጆቹ 1908 ለንደን ላይ መነሻው ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው ከነገሥታቱ ወንበር ፊት እንዲሆን ስለተፈለገ ነው። በዚያ ውድድር ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ ስታዲየም ሲገባ መሪ ነበር። የቀረችው 350 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእኔ ዙር ያነሰች። ወደተሳሳተ አቅጣጫ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ፤ ያችን ለመጨረስ 10 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ደግፈው ስላስገቡት ድሉ ተሰረዘበት። ረጅሙን ሁሉ ሮጦ አጭሯ ጣለችው ማለት ነው።

የእኛ የኦሊምፒክ ታሪክም የተጀመረው ከአጭሩ በኩል ጭምር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ስትሄድ ማሞ ወልዴ የሮጠው 800፣ 1,500 እና 4 በ400 ዱላ ቅብብል ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በሳምንቱ በማራቶን ወርቅ አጠለቀ። በዚያው ሜልቦርን ላይ በ100 ሜትር የተሰለፈው ንጉሴ ሮባ ደግሞ በኋላ ምሩጽን የመሰሉ ረጅም ርቀት ሯጮችን ያፈራ አሠልጣኝ ሆነ። ረጅሙን መንገድ ካስተማሩን አንዱ የ100 ሜትር ሰው ነበር ስል ሰዎች ያፌዝኩ ይመስላቸዋል።

ከሜክሲኮ የምንማረው ሌላም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሳሳ ማራቶኑ ዘገየ፤ ማሞ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን አበበ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ ነበር። አጭሩ ግን ፈጠነ፤ አሜሪካዊው ሊ ኢቫንስ 400 ሜትሩን በ43.86 ሮጦ ክብረ ወሰኑ 20 ዓመት ገደማ ቆየ። የሳሳ አየር ፈጥኖ የሚሮጥን ሰው አይገፋውም፤ በ44 ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ለማጣት ጊዜ የለም። እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በሳይንሱ ከሄድን ጅሩ የ400 ሜትር አገር ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ወረቀታቸውን አውጥተው ሊያጣሩ ነበር፤ «አየሩ እንኳ አይገፋም፤ ጭቃውን ምን ልታደርገው ነው?» ብለው መለሱት።

ጭቃው ቢኖርም መሐመድ አማን በ2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ1 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አይተናል፤ አጭሩም በእኛ እግር ይሮጣል። ይህን ስል ማራቶንን ጠልቼ አይደለም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነገር ለእኔ ባይሆንም ለእማማ ጸሎት፣ ለጋሼ ሒሳብ፣ ለሻይ ቤቱ ገበያ የሚመች ሩጫ ነው። ቅሬታዬ ረጅሙን ብቻ ሩጫ ብለን፣ አጭሩን የልጅ ጨዋታ አድርገን መያዛችን ላይ ነው። ረጋ ብሎ የሚሄድ ልጅ አለ፤ እንደ ክብሪት ጭሮ የሚበራም አለ። ሁለተኛውን ልጅ ወስደን 10,000 ሜትር ብናሰልፈው በሦስተኛው ዙር ይጠፋል፤ ሩጫ አልወጣለትም ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስንት ፈጣን ልጅ እንዲህ እንደቀረ የሚያውቀው የለም፤ ውጤት የሚመዘገበው ለጨረሰ ሰው ነው።

ስለዚህ ለእነዋሪና ለአካባቢዋ ሰው አንድ ልመና አለኝ። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲመጣ መሙን በአመድም ቢሆን አሠምሩት፤ የውጪውን መስመር ነፋስ ሲወስደው ድገሙት። ቆሎውን ቀደም ብላችሁ ግዙ። ከሁሉ በላይ ግን በሰዓቱ ኑ። አርፍዶ የመጣ ሰው ማራቶኑን አጋማሹ ላይ ያገኘዋል፤ የ100 ሜትሩን ግን ከሰው አፍ ነው የሚሰማው።